«ፈጠራ» እና «ኢኖቬሽን»፤ በዕውቀት ላይ ስለተመሠረተ ኢኮኖሚ የምንጽፍባቸው ቃላት

መግቢያ

የአንድ አገር ኢኮኖሚ ከመሬትና ከጉልበት ይልቅ በዕውቀት ላይ እየተመሠረተ ሲሄድ የሚለወጠው የፋብሪካው መሣሪያና የገበያው ዕቃ ብቻ አይደለም። ስለ ሥራ፣ ስለ ሀብትና ስለ ሙያ የሚነገርበት ቋንቋም አብሮ መለወጥ ይኖርበታል። ቋንቋው በጊዜው ሳይሰናዳ ሲቀር አዲሱ ሐሳብ በአሮጌ ስም ይጠራል፤ በአሮጌ ስም የተጠራ ሐሳብ ደግሞ እንደ አሮጌው ይተረጐማል፤ እንደዚያው ሆኖም ሥራ ላይ ይውላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው መደበላለቅ «ፈጠራ» በሚለው የአማርኛ ቃል ዙሪያ እንዴት እንደ ደረሰ ማሳየት፣ ጽንሰ ሐሳቦቹን ከአንድ አገር የኢኮኖሚ ታሪክ ጋር አያይዞ መለየት፣ በመጨረሻም ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች ጥቂት ምክረ ሐሳቦች ማቅረብ ነው። የውጭ አገር ታሪክን የሚመለከቱ ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያን የሚመለከቱት ግን በዓመተ ምሕረት ተጽፈዋል።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእንግሊዝኛ የተተረጐመ አንድ የፖሊሲ ሰነድ ለዚህ ጸሐፊ ለእርማት ቀርቦለት ነበር። በሰነዱ ውስጥ «በማደግ ላይ ላለ አገር ያለ ፈጠራ የሚገኝ ፈጠራ የሚበልጠው መንገድ ነው» የሚል ተጽፎ ተገኘ። ተርጓሚው ቸልተኛ ሰው አልነበረም። በምንጩ ቋንቋ ሁለት የተለያዩ ቃላት፣ ማለትም ኢንቬንሽን እና ኢኖቬሽን፣ ቆመው ሳለ በእጁ የነበረው የአማርኛ አቻ አንድ ብቻ በመሆኑ ሁለቱንም በዚያው ተረጐማቸው። ሰነዱን አስቀድመው ያነበቡት የሥራ ኀላፊዎች ዐረፍተ ነገሩ ግራ ስላጋባቸው አልፈውት ሄዱ፤ ከቀረው ክፍል የተረዱትም ገንዘቡ ለፈጠራ ውድድርና ለሽልማት መዋል እንዳለበት ነበር። የሰነዱ አዘጋጆች ሊሉ የፈለጉት ግን የዚህን ተቃራኒ ነው።

1. የጽንሰ ሐሳቦቹ ልዩነት

ኢንቬንሽን ከዚህ በፊት ያልነበረ መሣሪያ፣ ውሁድ ወይም ዘዴ በአእምሮ ታስቦ መገኘቱ ነው። ኢኖቬሽን ደግሞ አዲስ ወይም የተሻሻለ ነገር በምርት፣ በንግድ ወይም በአስተዳደር ሥራ ላይ መዋሉ ነው። የመጀመሪያው በቤተ ሙከራ ወይም በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሊያልቅ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ገንዘብ፣ ድርጅት፣ የሠለጠነ ሠራተኛና ተጠቃሚ ሳይኖር አይሆንም።

ይህን ልዩነት በኢኮኖሚ ሳይንስ ውስጥ ጐልቶ እንዲታይ ያደረገው ጆሴፍ ሹምፒተር ነው። በ1911 በጀርመንኛ ባሳተመው የኢኮኖሚ ዕድገት መጽሐፍ አምስት ዐይነት «አዲስ ቅንብሮችን» ዘርዝሯል፤ እነርሱም አዲስ ምርት፣ አዲስ የአመራረት ዘዴ፣ አዲስ ገበያ፣ አዲስ የጥሬ ዕቃ ምንጭና አዲስ የኢንዱስትሪ አደረጃጀት ናቸው። ከአምስቱ ውስጥ የግድ ኢንቬንሽንን የሚጠይቅ አንድም እንደሌለ አንባቢ ያስተውል። ሹምፒተር በ1939 ባወጣው ሥራውም ኢኖቬሽን ያለ ኢንቬንሽን ሊኖር እንደሚችል አስረግጦ ጽፏል። እንግዲህ ያ ግራ ያጋባ ዐረፍተ ነገር ከዚህ ሐሳብ የመነጨ ነበር ማለት ነው።

ዕውቀትን ራሱን እንደ ኢንዱስትሪ ቈጥሮ መለካት የተጀመረው ቈይቶ ነው። ፍሪትስ ማክሉፕ በ1962 በአሜሪካ የዕውቀትን ምርትና ሥርጭት የሚመለከት ጥናት አሳተመ፤ ፒተር ድራከር በ1969 የዕውቀት ኢኮኖሚ የሚለውን አጠራር አስፋፋ፤ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ1996 ባወጣው ሰነድ ደግሞ «በዕውቀት ላይ የተመሠረተ ኢኮኖሚ» የሚለው ስያሜ በመንግሥታት ዘንድ ጸና። በ2025 የኢኮኖሚ ሳይንስ የኖቤል ሽልማት በኢኖቬሽን ስለሚመራ ዕድገት ላጠኑት ለጆኤል ሞኪር፣ ለፊሊፕ አጊዮን እና ለፒተር ሃዊት ተሰጥቷል። ከእነዚህ ውስጥ የታሪክ ተመራማሪው ሞኪር ጠቃሚ ዕውቀትን በሁለት ይከፍለዋል፤ አንደኛው ነገሮች ለምን እንዲህ እንደሆኑ የሚያስረዳ፣ ሁለተኛው አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ክፍፍል እንግዳ አይደለም። «ዕውቀት» እና «ሙያ» የምንላቸው ቃላት ከሞላ ጐደል በዚሁ ድንበር ላይ ይቆማሉ።

2. የደቡብ ኮሪያ ምሳሌ

ቃላቱ ለምን መለየት እንዳለባቸው ለማየት የደቡብ ኮሪያን ታሪክ መከተል ይበቃል። በ1962 የመጀመሪያውን የአምስት ዓመት የኢኮኖሚ ልማት ዕቅድ በጀመረችበት ጊዜ አገሪቱ በጦርነት የተጐዳች፣ የተፈጥሮ ሀብቷም ጥቂት ነበር። በዚያ አሥርት ዓመት ወደ ውጭ ትልካቸው ከነበሩት ዕቃዎች ዋናዎቹ ጨርቃ ጨርቅ፣ ኮምፔንሳቶና ዊግ ነበሩ። በ1966 የኮሪያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም ተመሠረተ፤ በውጭ አገር የሚሠሩ ኮሪያውያን ሳይንቲስቶችም ተጠርተው እንዲመለሱ ተደረገ። በ1967 የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ በ1971 ለከፍተኛ የምህንድስናና የሳይንስ ትምህርት የሚሆን ልዩ ተቋም ተከፈተ፤ ከ1973 ጀምሮ የዴዶክ የምርምር ከተማ ታቅዶ መገንባት ጀመረ።

በእነዚህ ዓመታት በፋብሪካዎቹ ውስጥ ይካሄድ የነበረው ሥራ ግን ኢንቬንሽን ሊባል አይችልም። በ1973 የመጀመሪያው ክፍሉ የተጠናቀቀው የፖሃንግ ብረታ ብረት ፋብሪካ በጃፓን ገንዘብና የቴክኒክ እርዳታ የቆመ ነው። በ1975 መመረት የጀመረችው የሃዩንዳይ ፖኒ መኪና ንድፏ የጣሊያናዊ፣ ሞተሯ የጃፓኑ ሚትሱቢሺ ነበር። ሃዩንዳይ በራሱ መሐንዲሶች የተነደፈ የመጀመሪያ ሞተሩን ያወጣው በ1991 ነው። ሳምሰንግም በ1983 የ64 ኪሎቢት የኮምፒዩተር ማስታወሻ ቺፕ ሲሠራ ንድፉን ከአንድ የአሜሪካ ድርጅት በፈቃድ ገዝቶ ነበር፤ በ1992 ግን በ64 ሜጋቢት ቺፕ ከዓለም ቀዳሚ ሆነ። ከመግዛት ወደ መሥራት፣ ከመሥራት ወደ ማሻሻል፣ ከማሻሻል ወደ መፍጠር የተደረሰው እንዲህ በደረጃ ነው።

የገንዘቡም ምንጭ በዚያው ልክ ተለውጧል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ለምርምር ከሚወጣው ወጪ አብዛኛውን የሚሸፍነው መንግሥት ነበር፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ የኢንዱስትሪ ድርጅቶች የራሳቸውን የምርምር ክፍሎች እያቋቋሙ ሄደው ዛሬ ከወጪው ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሸፍኑት እነርሱ ናቸው። በ2021 አገሪቱ ለምርምር ያዋለችው ገንዘብ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርቷ 5 በመቶ ያህል ደርሷል። ይህን ጉዞ ያጠናው ኪም ሊንሱ በ1997 ያሳተመው መጽሐፍ ርእስ ራሱ ከመኮረጅ ወደ ኢኖቬሽን የተደረገ ጉዞ መሆኑን ያመለክታል።

ለቋንቋ ተመራማሪ የሚገርመው ሌላ ነገር ነው። ኮሪያኛ ለእነዚህ ደረጃዎች የተለያዩ ስሞች አሉት። መኮረጅ «ሞባንግ»፣ ኢንቬንሽን «ባልምዮንግ»፣ ኢኖቬሽን «ሂዮክሺን» ይባላል። ሦስቱም ከጥንታዊ ቻይንኛ ሥረ ቃላት የተበጁ ናቸው፤ አማርኛ ለረቂቅ ሐሳብ ግእዝን እንደሚጠቅስ ኮሪያኛም ወደዚያ ይሄዳል። በ«ባልምዮንግ» ውስጥ ያሉት ሁለት ክፍሎች ማውጣትንና ብርሃንን፣ በ«ሂዮክሺን» ውስጥ ያሉት ደግሞ መለወጥንና አዲስን ያመለክታሉ። ስለዚህ አንድ የኮሪያ ባለሥልጣን «ገና ባልምዮንግ ላይ አልደረስንም፤ አሁን የሚያስፈልገን ሂዮክሺን ነው» ብሎ ቢናገር ሰሚው አይደናገርም። ይህንኑ በአማርኛ ለማለት ስንሞክር «ገና ፈጠራ ላይ አልደረስንም፤ የሚያስፈልገን ፈጠራ ነው» የሚል ይወጣል።

3. «ፈጠራ» የተሸከመው

ቃሉ ለምን እንዲህ እንደ ተጫነ ለመረዳት ግሡን መመልከት ያሻል። «ፈጠረ» በግእዝም በአማርኛም በመጀመሪያ የእግዚአብሔር ሥራ ነው። «ፈጣሪ» ያለ ተጨማሪ ሲነገር የሚያመለክተው እርሱን ብቻ ነው፤ «ፍጥረት» የእርሱ ሥራ ውጤት ነው። ሰው የግሡ ባለቤት በሆነ ጊዜ ትርጉሙ ወደ ሐሰት ያዘነብላል፤ «ወሬ ፈጠረ»፣ «ነገር ፈጠረ»፣ «የፈጠራ ክስ» እንላለን። በሥነ ጽሑፍ ጥናት መስክ «የፈጠራ ድርሰት» ሲባል ይህ መጥፎ ጥላ ተገፎለት ልብ ወለድንና ግጥምን የሚያጠቃልል የሙያ ቃል ሆነ። በመጨረሻ ሳይንስና ሕግ መጡና ቃሉን ለቴክኒክ ሥራ ወሰዱት።

ሕጉ የሰጠው ትርጉም ቁርጥ ያለ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123 አንድ ፈጠራ ፓተንት እንዲያገኝ አዲስ መሆኑን፣ ፈጠራዊ ብቃት ያለው መሆኑንና በኢንዱስትሪ ሊሠራበት የሚችል መሆኑን ይጠይቃል። በዚህ አዋጅ ውስጥ «ፈጠራ» ማለት ኢንቬንሽን ነው፤ ሌላ ነገር አይደለም። አዋጁ ከዚህም አልፎ በውጭ አገር የተፈጠረን ነገር ወደ ኢትዮጵያ አስገብቶ ለሚሠራበት ሰው የሚሰጥ የፓተንት ዐይነት አለው። ይህ ድንጋጌ ሕጉ በፈጣሪውና በአስገቢው መካከል ልዩነት መኖሩን ዐውቆ ለሁለተኛውም ዋጋ እንደሰጠ ያሳያል። ስለሆነም «ፈጠራ»ን ለኢኖቬሽን ጭምር የሚጠቀም ተርጓሚ ከሥነ ኢኮኖሚ ብቻ ሳይሆን ከአገሩ ሕግም ጋር ይጋጫል።

በአገራችን የሚታዩ ሁለት ምሳሌዎች ልዩነቱን ያጐሉታል። «ቁንጮ» የተባለው የጤፍ ዝርያ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የ«ማኛ»ን ንጣት ከ«ዱከም» ምርታማነት ጋር በማዳቀል የተገኘ ሲሆን በ1998 ዓ.ም. ተለቀቀ። በማዕከሉ ውስጥ የተደረገው ማዳቀል የምርምር ግኝት ነው፤ ገበሬው ዘር በብድር ወስዶ ከምርቱ እየመለሰ ዘሩ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት አሠራር ግን ኢኖቬሽን ነው። ሁለተኛው በዚያ ላይ ባይሠራ ኖሮ የመጀመሪያው በማዕከሉ እርሻ ላይ ይቀር ነበር። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ደግሞ በአንጻሩ ይቆማል። በተንቀሳቃሽ ስልክ ገንዘብ ማስተላለፍ በኬንያ በ2007 በኤምፔሳ የተለመደ ስለሆነ ቴሌብር ኢንቬንሽን አይደለም። የሚሊዮኖችን የክፍያ ልማድ በመለወጡ ግን ኢኖቬሽን መሆኑ አያከራክርም።

4. ስለ ኢኖቬሽን አቻ የቀረቡ ሐሳቦች

የውጭውን ቃል ሳንቀበል አቻ ማግኘት አይቻልም ወይ የሚለው ጥያቄ በቅድሚያ ሊመረመር ይገባል። ኢኖቬሽን በላቲን አዲስ የሚል ሥር ስላለው ዐይናችን በመጀመሪያ የሚያርፈው በግእዙ «ሐደሰ» ላይ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ሥር የሚወጡት ቅርጾች ሁሉ ተይዘዋል። «እድሳት» ለቤት ጥገናና ለፈቃድ ማራዘም፣ «ተሐድሶ» ለሃይማኖትና ለፖለቲካ ለውጥ እንዲሁም ለጤና ማገገሚያ፣ «ሕዳሴ» ለአውሮፓው የባህል መነቃቃትና በዓባይ ላይ ለተሠራው ግድብ ስም ውለዋል። ከዚህም በላይ ሁሉም የሚያመለክቱት የነበረው ነገር ወደ ቀድሞ ይዞታው መመለሱን ነው፤ ኢኖቬሽን ግን ወደ ኋላ አይመለስም።

«ፈለሰፈ» የሚለውም ታስቦ ያውቃል። ግሡ ረቂቅ ዘዴን ማግኘትን በሚገባ ይገልጻል፤ ነገር ግን ወደ ኢንቬንሽን እንጂ ወደ ሥራ ላይ ማዋል አያዘነብልም፤ «ፍልስፍና»ም አጠገቡ አለ። «ለፍሬ የበቃ ፈጠራ» የሚለው ሐረግ ውበት አለው፤ ሆኖም ኢኖቬሽን ሁሉ ከፈጠራ ይነሣል ብሎ ስለሚያስብ ቴሌብርን የመሰለውን ያስቀራል። «አዲስ አሠራር» ለአስተዳደርና ለአመራረት ይስማማል፤ ለአዲስ ምርት ግን አይሆንም።

በሌላ በኩል ሕዝቡና መንግሥት ውሳኔውን ቀድመው ሰጥተዋል ማለት ይቻላል። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን በስሙ ውስጥ ይህን ቃል የሚፈልግበት ምክንያት አልነበረውም። በ2011 ዓ.ም. ሚኒስቴሩ በአዲስ መልክ ሲደራጅ ግን «የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር» ተባለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስም በደብዳቤ፣ በማኅተምና በዜና በየቀኑ ስለሚደጋገም ቃሉን ከማንኛውም መዝገበ ቃላት ይበልጥ ያስለምደዋል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ የሚያስቈጭ ነገር አይደለም። የውሰት ቃል የሚነቀፈው በቂ የአገር ቃል እያለ ሲመጣ ነው፤ እዚህ ግን ውሰቱ «ፈጠራ»ን ከማይገባው ሸክም ያሳርፈዋል።

ውሰቱ የሚያስከትለው ችግር የርባታ ነው። «ኢኖቬሽን» ግሥ አይወጣለትም፤ «ኢኖቬት አደረገ» የሚለውም ለጆሮ አይጥምም። ለዚህ መፍትሔው ግሡን ከአማርኛ መውሰድ ነው። እንደ ዐውዱ «ሥራ ላይ አዋለ»፣ «ለገበያ አበቃ»፣ «አዲስ አሠራር ዘረጋ» ማለት ይቻላል። እነዚህ ግሦች የሥራውን ባለቤትና የሥራውን ተቀባይ ግልጽ ስለሚያደርጉ ከአንድ ግሥ ይልቅ ለተርጓሚ የሚያመቹ ሆነው ይገኛሉ።

5. አብረው የሚመጡ ቃላት

ስለ ዕውቀት ኢኮኖሚ በሚጻፍ ጽሑፍ ውስጥ ኢኖቬሽን ብቻውን አይመጣም። ከተከታዮቹ ውስጥ ጥቂቶቹን እንመልከት።

ኮሄን እና ሌቪንታል በ1990 ባሳተሙት ጥናት አንድ ድርጅት የውጭ ዕውቀትን ለይቶ የማወቅ፣ የመውሰድና በሥራ ላይ የማዋል ችሎታው አስቀድሞ ባለው ዕውቀት እንደሚወሰን አስረድተዋል። ለዚህ ችሎታ የሚሆን ቃል አማርኛ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ቈይቷል። ንብ አበባ ትቀስማለች፤ ተማሪም ዕውቀት ይቀስማል። ንቧ የቀሰመችውን እንዳለ አታስቀምጥም፤ ወደ ማር ትለውጠዋለች። ስለዚህ «የመቅሰም አቅም» ብንል ሐሳቡ ሳይጐድል ይገባል። ከኮሪያ ታሪክ ውስጥ ከ1966 እስከ 1980ዎቹ ያለው ክፍል የመቅሰም አቅም የተገነባበት ዘመን ነው።

«የቴክኖሎጂ ሽግግር» የተለመደ ሆኗል፤ መለወጥም አያስፈልገውም። አንባቢ ግን «ተሻገረ» የሚለው ግሥ ወንዝ የሚያቋርጥ መንገደኛን እንደሚያሳይ ያስታውስ። ማሽን ድንበር ሊሻገር ይችላል፤ ማሽኑን የሚጠግነው እጅ፣ ሲያጓራ ሰምቶ ሕመሙን የሚለየው ጆሮ ግን አይሻገርም። ማይክል ፖላኒ በ1960ዎቹ ያተተው ይህ በቃል የማይወጣ ዕውቀት በሽመናና በብረት ሥራ ባለሙያዎቻችን ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። «ጥበብ» የጥልፍም የሊቅነትም ስም ሆኖ ሳለ ጥበበኛው መናቁ የሚያሳዝን ታሪካችን ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያዎችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። «በልምድ የተቋጠረ ዕውቀት» የሚለው ሐረግ ለዚህ ዐይነቱ ዕውቀት ይስማማል።

«ምርምርና ሥርጸት» የሚለው አጠራር ይበልጥ ያሳስባል። «ሠረጸ» በግእዝ በቀለ፣ ወጣ ማለት ሲሆን በዛሬው አማርኛ ግን ዘልቆ ገባ፣ ተሠራጨ የሚል ትርጉም ይዟል። አንባቢው ከሐረጉ የሚረዳው ምርምር ተደርጎ ውጤቱ ለሕዝብ እንደሚሠራጭ ነው። በመካከል ያለው ረጅም ሥራ፣ ማለትም የምርምሩን ውጤት ወደ ናሙና፣ ናሙናውን ወደ ምርት የሚያደርሰው፣ ከቃሉ ውስጥ ጠፍቷል። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀውም ይኸው መካከለኛው ክፍል ነው። «ምርምርና ልማት» የሚለው ደግሞ ከአገር ልማት ጋር ይደባለቃል። በሶፍትዌር ሥራ የተለመደው «ማበልጸግ» ለዚህም ቢሠራበት፣ «ሥርጸት» ደግሞ ለተሠራጨው ክፍል ብቻ ቢቀር ይመረጣል።

በመጨረሻ «መረጃ»፣ «ውሂብ» እና «ዕውቀት» መለየት አለባቸው። ያልተተረጐመው ጥሬ ቍጥር ውሂብ፣ ተደራጅቶ ትርጉም ያገኘው መረጃ፣ ሰው መርምሮ የራሱ ያደረገውና ሊሠራበት የሚችለው ዕውቀት ነው። «የመረጃ ኢኮኖሚ» እና «የዕውቀት ኢኮኖሚ» አንድ አይደሉም።

መደምደሚያ

ከላይ በተባለው መሠረት የሚከተሉት ምክረ ሐሳቦች ቀርበዋል።

ሀ. «ፈጠራ» በሳይንስ፣ በሕግና በኢኮኖሚ ጽሑፍ ለኢንቬንሽን ብቻ ይዋል፤ በሥነ ጽሑፍ ያለው አገልግሎቱ እንዳለ ይጽና።

ለ. «ኢኖቬሽን» በውሰት ይግባ፤ በጽሑፉ መጀመሪያ ላይም «አዲስ ወይም የተሻሻለ ምርትን፣ አሠራርን ወይም አደረጃጀትን ሥራ ላይ ማዋል» ተብሎ ይተርጐም።

ሐ. «የመቅሰም አቅም» እና «በልምድ የተቋጠረ ዕውቀት» በሙያ ቃላት መዝገብ ይግቡ።

መ. «ምርምርና ሥርጸት» በ«ምርምርና ማበልጸግ» ይተካ፤ «ሥርጸት» ለብቻው ይቁም።

ሠ. «በዕውቀት ላይ የተመሠረተ» እና «ዕውቀት መር» የተባሉት ሐረጎች እንደ ምንጩ ይለዩ፤ የመጀመሪያው ኢኮኖሚው የቆመበትን፣ ሁለተኛው የሚመራበትን ያመለክታልና።

ወደ ተነሣንበት ዐረፍተ ነገር ስንመለስ፣ በእርማቱ ላይ ከሁለቱ ቃላት አንዱም አልገባም። «በማደግ ላይ ላለ አገር ሌሎች የፈጠሩትን ቀስሞ በራሱ ሥራ ላይ ማዋል የሚበልጠው መንገድ ነው» ተብሎ ተጻፈ። የታረመው ሰነድ በስብሰባ ላይ ሲነበብ ከኀላፊዎቹ አንዱ ወዲያው እጁን አንሥቶ «እንግዲያውስ የሚቀስሙትን ሰዎች ማን ያሠለጥናቸዋል?» ሲል ጠየቀ። ሰነዱ ከመጀመሪያው ሊያስነሣው የፈለገው ጥያቄ ይኸው ነበር።